ቱምቢው አሰልጣኝ

«ገና ነው» የሚል ሰው ሁሉ ፈሪ ነው። ይህን ፍርድ የሰጠሁት በወጣትነቴ ነው፤ እስካለፈው ዓመት ድረስም ይግባኝ ያለበት ሰው አልነበረም።

ሰውየውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ልብስ ሰፊ ሲሆን፣ ለምርቃት ያዘዛችሁትን ኮት ልትወስዱ በሄዳችሁ ቁጥር «ገና ነው» ይላችኋል፤ ምርቃቱ ካለፈ ከሳምንት በኋላ አንዲት ክር ያልዘነፈችበት ኮት በኩራት ያስረክባችኋል። ቀለም ቀቢ ሲሆን፣ ግድግዳው እስኪደርቅ ብሎ የገዛ ቤታችሁን በጓሮ በር ያስገባችኋል። አጎት ሲሆን፣ መኪና መንዳት ላስተምራችሁ ብሎ አንድ ክረምት ሙሉ የሞተርን ጠባይ ያስረዳችኋል፤ ቁልፉን ግን ከኪሱ አያወጣም። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን በተሻለ ነበር፤ ከክፉ ጋር ተጣልተው ይገላገላሉ። «ገና ነው» ባዩ ግን ሁልጊዜ ትሑት፣ ሁልጊዜ ጨዋ፣ ሁልጊዜም በመጠኑ ትክክል ስለሆነ ለጠብ እንኳ አይመችም።

የዚህ ወገን የበላይ ጠባቂ ክቡር አሰልጣኛችን ነበሩ። ልጄ የምትጫወትበትን፣ ከአሥራ ሦስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት የሆናቸው ሴቶች ልጆች የሚገኙበትን የቅርጫት ኳስ ቡድን ያሰለጥናሉ። በሙያቸው ግንበኛ ናቸው። በወጣትነታቸው ራሳቸው ተጫውተዋል ይባላል፤ ጎበዝ ነበሩ ወይ ተብለው ሲጠየቁ ግን «እየደረስኩ ነበር፤ ጉልበቴ ቀደመኝ» ከማለት በቀር መልስ የላቸውም። ሰው ሁሉ የሚጠራቸው ጋሽ ቱምቢ እያለ ነው። ቱምቢ፣ ግንበኛ የግድግዳውን ቀጥ ማለት የሚያይበት፣ በክር ጫፍ የተንጠለጠለ የብረት ፍሬ ነው። እሳቸው ይህን መሣሪያ በሥራ ቦታ ብቻ ሳይሆን በሜዳም ከኪሳቸው አይለዩትም። ሌላው አሰልጣኝ ፊሽካ ይዞ በሚገባበት ቦታ ጋሽ ቱምቢ ክርና ብረት ይዘው ይገባሉ።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። ልጅቱ ልትወረውር ኳሱን ከፍ ስታደርግ፣ በጎኗ ያጎነብሱና ክሩን ከክርኗ ሥር ይለቁታል። ብረቱ ከጉልበቷና ከእግሯ አውራ ጣት ጋር ካልገጠመ ኳሱ ከእጇ አይወጣም። «ክርን፣ ጉልበት፣ ጣት፤ አንድ ግድግዳ» ይላሉ። ክርኗ ወደ ውጭ ያፈነገጠ እንደሆነ ደግሞ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ «ልጄ፣ ይሄ ግድግዳ ጎረቤት ላይ ሊወድቅ ነው» ብለው እንደገና ያስጀምሯታል።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ልጆቹ ቅርጫቱን በዓይን ከማየት በቀር አልደረሱበትም። በጀርባቸው ተኝተው ኳሱን በአንድ እጅ ወደ ላይ እየላኩ መልሰው ይቀልቡ ነበር። አዳራሹ የድሮ መጋዘን ነው፤ ወለሉ ሊሾ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። አሥራ ሁለት ልጆች በሊሾው ላይ ተደርድረው ተኝተው ሲታዩ የሚመስለው ሥልጠና ሳይሆን ወረርሽኝ ነበር። ከወላጆች መካከል አፉ የማያርፈው ታክሲ ነጂ አባት በሦስተኛው ሳምንት ትዕግሥቱ አለቀ።

«ጋሼ፣ እኔ ልጄን ያስመዘገብኳት ቅርጫት ኳስ ነው። መተኛቱንማ ቤቷም ትችልበታለች።»

«ቆማ ትወረውራለች» አሉ ጋሽ ቱምቢ።

«መቼ?»

«ገና ነው።»

«በቃ ስትዳር ይደርሳል» አለና ወደ እኛ ዞረ። ሳቅን። እኔም ሳቅሁ፤ መሳቅ ባልወድም።

በአራተኛው ሳምንት ልጆቹ ቆሙ። በዚያው ቀን ጋሽ ቱምቢ በእንብርክካቸው ሄደው ወለሉ ላይ በኖራ ስድስት ምልክት አደረጉ። የመጀመሪያው ከቅርጫቱ ሥር፣ እጅ ዘርግተው የሚነኩት ያህል ቅርብ ነው። ስድስተኛው ከባለሦስት ነጥቡ መስመር ውጭ ነው። ሕጉ አጭር ነበር፦ ከአንዱ ምልክት ወደሚቀጥለው የሚያልፈው ከአሥር አሥሩን ያገባ ነው፤ ያውም በሦስት የተለያዩ ቀናት። ዘጠኝ አግብታ አሥረኛውን የሳተች ልጅ ለዚያ ቀን ወደ አንደኛው ምልክት ትመለሳለች። በልምምድም ሆነ በግጥሚያ ማንም ከምልክቱ ርቆ አይወረውርም። የሁለተኛው ምልክት ልጅ በጫማዋ ጫፍ ሦስተኛውን ከነካች፣ «የሰው ቤት ነው የገባሽው» ትባላለች፤ ይቅርታ ጠይቃ ትወጣለች።

አንድ ቀን ልጄን ለመሸኘት ብለው ቤታችን ድረስ መጡ። ሻይ ቀርቦላቸው ሳለ ዓይናቸው የመጻሕፍት መደርደሪያዬ ላይ ተተከለ። ጥቂት ቆይተው፣ በታላቅ ትሕትና፣ «መምህር፣ ይሄ መደርደሪያ ወደ ግራ ማጋደሉን ያውቁ ኖሯል?» አሉኝ።

«አሥራ አንድ ዓመት አብረን ኖረናል፤ አላስቸገረኝም» አልኩ።

«አይ፣ እሱስ አያስቸግርም። ብቻ እያጋደለ ነው።»

ከሄዱ በኋላ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ እርሳስ አስቀመጥኩ። እርሳሱ ሳይቸኩል፣ ሰላምታ እንደሚሰጥ ሰው ቀስ ብሎ፣ ወደ ግራ ተንከባለለና ወደቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ ክፍል ውስጥ እንደ ቀድሞው አንድ ገጽ አንብቤ አላውቅም። «ገና ነው» ባይ ሰው የሚያደርሰው ጉዳት ይህን ያህል ነው።

ከዚያ ውድድሩ ተጀመረ። ከሩቅ የሚወረውር የሌለው የቅርጫት ኳስ ቡድን ማለት አንድ ጠባብ በር ብቻ ያለው ቤት ማለት ነው፤ ጠላት በሩ ላይ ከቆመ ነገሩ አበቃ። ተጋጣሚዎቻችን ይህን ለማወቅ አሥር ደቂቃ አልፈጀባቸውም። ከሁለተኛው ግጥሚያ ጀምሮ አምስቱም ዝናብ እንደ ያዘው መንገደኛ ቅርጫቱ ሥር ተጠልለው ይጠብቁን ጀመር። አሰልጣኛቸው ከዳር ሆኖ «ከውጭ ተዉአቸው፤ አይወረውሩም» ይላል። አልዋሸም። ልጆቻችን ኳሱን በመስመሩ ዙሪያ በሚያምር ሥርዓት ይቀባበላሉ፤ ማንም አይወረውርም፤ ከዚያም ወደ በሩ ገብተው ይቀማሉ።

በስድስተኛው ግጥሚያ የደረሰብን ግን ከሽንፈት የባሰ ነበር። ልጄን እንድትጠብቅ የተመደበችው ተጋጣሚ ልጅ በጨዋታው መሃል በርከክ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ፈታ፣ አለሳልሳ፣ ደግማ አሰረች። ልጄ ኳሱን ይዛ፣ ቅርጫቱን ፊት ለፊት እያየች፣ ሁለት እርምጃ ርቃ ቆማለች። ልጅቱ ስትነሣ «አመሰግናለሁ» አለቻት። የወላጆቹ መቀመጫ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሰማ።

በዚያ ሳምንት የወላጆች ኮሚቴ ተሰበሰበ። ሊቀ መንበራችን ፋርማሲ ያላት እናት ናት፤ ሰው ስታናግር እንኳ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ የምትነግር ይመስላል። «እኔ ጋሽ ቱምቢን አከብራቸዋለሁ» ብላ ጀመረች፤ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባን። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ እውነት ነው…»

«እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ ውድድሩ አለቀኮ» አላት ታክሲ ነጂው። «ስድስት ተጫውተን ስድስት ተሸነፍን። ልጄ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር መነጋገር አቁማለች።»

«ታዲያ ምን ይሁን?»

«ሰውየው ይቀየሩ። ወጣት ይምጣ፤ ልጆቹን ይልቀቃቸው፤ ይወርውሩ።»

ደብዳቤው ለአዳራሹ አስተዳደር እንዲጻፍ ተስማማን። ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፤ ብዕር ያለው እሱ ነው ተባለ። በእጄ፣ መስመር በሌለው ንጹሕ ወረቀት ላይ፣ ሦስት አንቀጽ ጻፍኩ። ትዕግሥት በጊዜው በጎነት፣ ከጊዜው ሲያልፍ ግን የስንፍና መጠለያ መሆኑን አስረዳሁ። አሰልጣኙ ልጆቹን ከሽንፈት ሳይሆን ራሳቸውን ከፈተና እየጠበቁ መሆኑን አመለከትኩ። የጻፍኩት ሁሉ የተጠና፣ የተመዘነና የሚያምር ነበር። ከሥሩ «የወላጆች ኮሚቴ» ተብሎ ማኅተም ተመታ። ደብዳቤው በወላጆች ፊት ሲነበብ አንዳንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ታክሲ ነጂው «እንዲህ ነው እንጂ» አለ። አስተዳደሩም ብይኑን ሰጠ፦ የቀረው አንድ ግጥሚያ ነው፤ እሱን ያሸነፉ እንደሆነ ይቆያሉ፤ የተሸነፉ እንደሆነ በቀጣዩ ዓመት ሌላ አሰልጣኝ ይመጣል። ጋሽ ቱምቢም መልስ ካላቸው በጽሑፍ ያቅርቡ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ። ጋሽ ቱምቢ ነበሩ፤ የእሑድ ኮታቸውን ለብሰዋል። ከመቀመጣቸው በፊት መደርደሪያውን አዩት።

«መምህር፣ አስቸገርኩዎ። ከሰውኛል። መልስ ስጥ ተብያለሁ። የኔ እጅ ደግሞ ለድንጋይ እንጂ ለወረቀት አልተፈጠረም። ቢጽፉልኝ ብዬ ነው።»

ባለቤቴ ሻይ ይዛ ቆማ ነበር። ክሱን ማን እንደ ጻፈ ታውቃለች፤ ወደ እኔ የተመለከተችበትን ዓይን ግን እስከ ዛሬ የምገልጽበት ቃል አላገኘሁም። «ጻፍላቸው እንጂ» አለች። ወረቀት አወጣሁ።

ጋሽ ቱምቢ ጉልበታቸውን በእጃቸው ይዘው፣ እያሰቡ፣ አንድ በአንድ ነገሩኝ።

«እንዲህ ይበሉልኝ። ልጆቹ የአሥራ አራት ዓመት ልጆች ናቸው። ክንዳቸው ገና አልጠነከረም። ያልጠነከረ ክንድ ከሩቅ ወርውር ሲሉት ጉልበት ከወገብ ይለምናል፤ ከትከሻ ይለምናል። ኳሱ አንዳንዴ ይገባል። የሚያሳስተውም መግባቱ ነው፤ ልጅቱ ጠማማውን ትማረዋለች። በኋላ ላቃናው ቢሉ ግድግዳውን አፍርሶ መሥራት ነው፤ ልጅ ደግሞ አይፈርስም።» ሻዩን ፉት አሉ። «እኔ ብሄድም ምልክቶቹ እንዳይጠፉ ይበሉልኝ። ስማቸውና የደረሱበት ምልክት በደብተር ተጽፏል፤ የሚመጣው ሰው ይረከበኝ።»

«ይቆዩ ዘንድ የሚለምን ቃል ልጨምርበት?» አልኩ።

«አይ። እሱ የነሱ ነገር ነው።»

እንዳሉት ጻፍኩ። ምንም አላሳመርኩም፤ የሚያምርበት ቦታ አልነበረውም። ከሥሩ ፈረሙ፤ አመሰገኑኝና ሄዱ።

«ሁለቱንም ጻፍክ» አለችኝ ባለቤቴ።

«ምን ላድርግ ታዲያ? ሰው ቤቴ መጥቶ…»

«ምንም አታድርግ። አንዱ ላይ እንኳ ስምህን ብታኖር ግን ምን ነበር? ሰውየው የግንብ እጃቸውን ይዘው ፈርመዋል።»

ብዕሬን ከድኜ ኪሴ ከተትኩ። ትዕግሥት የስንፍና መጠለያ ነው ብዬ በጻፍኩ በአሥረኛው ቀን፣ እኔም ገና ነው አልኩ ማለት ነው።

የመጨረሻው ግጥሚያ ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ልጆቹ ነገሩን ያውቃሉ፤ ልጅ የማያውቀው የቤት ሚስጥር የለም። ተጋጣሚዎቹ እንደተለመደው በሩ ሥር ተጠለሉ። ያም ሆኖ ነጥቡ አልተራራቀም። ልጆቻችን ባገኙት ቀዳዳ ሁሉ ሾልከው፣ እያንዳንዷ ከምልክቷ ወይም ከዚያ ቀርባ እያገባች፣ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ድረስ ተከታተሉ። ሠላሳ አራት ለሠላሳ ሁለት እየተመራን ኳሱ የእኛ ሆነ፤ የቀረው ሃያ ሰኮንድ ነው። ጋሽ ቱምቢ እረፍት ጠሩ።

መቀመጫዬ ከኋላቸው ስለነበር የተናገሩት ሁሉ ተሰማኝ። መጀመሪያ የተናገረችው ልጄ ናት።

«ጋሼ፣ እኔን የሚጠብቀኝ የለም። ልወርውረው?»

«ምልክትሽ ስንተኛ ነው?»

«አራተኛ።»

«አምስተኛው ላይ ስንት ደረስሽ?»

«ስምንት ከአሥር።» ከዚያ ድምፅዋ ቀጠነ። «ግን ጋሼ፣ ከተሸነፍን እኮ ሊያባርሩዎት ነው።»

ጋሽ ቱምቢ ጎንበስ ብለው የካልሲዋን ጠርዝ ያስተካከሉላት መሰለኝ፤ ምናልባት ፊታቸውን ለመሸሸግ ይሆናል። «ስሚኝ ልጄ። ኳሱ በእጅሽ ነው፤ ልወርውር ካልሽ የሚይዝሽ የለም። ለኔ ብለሽ ግን እንዳትወረውሪ። እኔ ሥራ አለኝ። ነገ ጠዋት የምሠራው ግድግዳ አለኝ።»

ጨዋታው ቀጠለ። ልጄ ኳሱን ተቀብላ ከመስመሩ ውጭ ቆመች። አንድም ሰው አልቀረባትም። አዳራሹ በአንድ ድምፅ «ወርውሪ» አለ፤ ፋርማሲስቷ ተነሥታ ቆመች፤ ታክሲ ነጂው መቀመጫውን ይደበድባል። እኔም ጮኽኩ። ከሁሉም በላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ወርውሪ» ያልኩት እኔ ነኝ። ልጄ ዞር ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ኳሱን ወደ ውስጥ፣ አራት እጅ ወደ ከበባት ረጅሟ ጓደኛዋ አቀበለች። ተቀሙ። ደወሉ ተደወለ።

ጋሽ ቱምቢ የአሥራ ሁለቱንም እጅ ጨበጡ። ደብተሩን ለአስተዳደሩ ጸሐፊ አስረከቡ። ቱምቢውን በክሩ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱና በእግራቸው ሄዱ።

ቤት ስንገባ ልጄን ጠየቅኋት፤ መጠየቅ ሳይሆን መመርመር ነበር። «ለምን አልወረወርሽም?»

«አምስተኛው ላይ እንኳ ስምንት ነዋ ያለኝ።»

«ቢገባ ኖሮ ሰውየው ይቆዩ ነበር።»

«አባዬ፣ ቢገባ ኖሮ በዕድል ነዋ። ጋሼ በዕድል እንዲቆዩ ነው የምትፈልገው?»

እናቷ ወጥ ቤት ሆና አንድ ነገር ጣለች፤ ወይም ሳቀች፤ ለየሁ ለማለት አልደፍርም።

አዲሱ አሰልጣኝ ከሦስት ወር በኋላ መጣ። እንዳለምነው ወጣት ነው፤ አንገቱ ላይ ፊሽካ፣ እግሩ ላይ አብረቅራቂ ጫማ። በመጀመሪያው ቀን ልጆቹን ሰብስቦ፣ «እስቲ ሁላችሁም ከፈለጋችሁበት ወርውሩ፤ ልያችሁ» አላቸው። ታክሲ ነጂው በክርኑ ጎሰመኝ፤ ሰው ማለት ይሄ ነው ማለቱ ነው። ልጆቹ ግን እርስ በርስ ተያዩና እያንዳንዷ ሄዳ በኖራው ምልክቷ ላይ ቆመች። ወረወሩ። ወጣቱ ፊሽካውን ከአፉ አወጣ። ከአንዷ ወደ ሌላዋ እየተዘዋወረ ክርናቸውን፣ ጉልበታቸውን አየ። ሁለት ዙር ዞረ።

«ማነው ያስተማራችሁ?»

«ጋሽ ቱምቢ።»

«የት ሄዱ?»

ልጆቹ ወደ እኛ፣ ወደ ወላጆቹ መቀመጫ ተመለከቱ። እኛም ወደ ጣሪያው ተመለከትን፤ ቆርቆሮው በጣም ያስደስት ነበር።

ወጣቱ ደብተሩን አስመጥቶ አነበበ። የደበዘዘውን ኖራ በራሱ እጅ አደሰው። ልጆቹን ካሉበት ምልክት ጀምሮ ቀጠለ። በእረፍቱ ወራት ሁሉም ቁመት ጨምረዋል፤ ክንዳቸው በርትቷል። ልጄ በሁለተኛው ወር ስድስተኛው ላይ ደረሰች፤ ሦስት ጓደኞቿም ተከተሏት። አዲሱ ውድድር ሲጀመር ተጋጣሚዎች በሩ ሥር እንደ ተጠለሉ ኳስ ከላያቸው ያልፍ ጀመር። ያለ ጩኸት፣ በአንድ ዓይነት አወራወር፣ ክርን ከጉልበት፣ ጉልበት ከጣት። አራት ተጫውተን አራቱንም አሸነፍን። ያቺ ጫማዋን ያሰረችው ልጅ በዚህ ዓመት ልጄን ስትጠብቅ ትንፋሽ እንኳ የምታስተካክልበት ጊዜ አላገኘችም።

በዚያን ጊዜ ታክሲ ነጂው በኪሱ ይዞት የሚዞረውን ማስታወሻ አሳየኝ። ባለፈው ዓመት የመጨረሻ ግጥሚያ ላይ ልጆቹ የወረወሩትን ሁሉ መዝግቧል፤ የጋሽ ቱምቢን ጥፋት በቁጥር ሊያሳይ ነበር ሐሳቡ። ሃያ አንድ ጊዜ ወርውረዋል፤ አሥራ ስድስቱ ገብቷል። «ይሄን ጊዜ ነው ያባረርናቸው» አለኝ። ማስታወሻውን አጥፎ ወደ ኪሱ መለሰው።

ኮሚቴው ግን ደስታው ልክ አልነበረውም፤ ለአዲሱ አሰልጣኝ የምስጋና ደብዳቤ ይጻፍ ተባለ። ጻፍኩ። ከእኔ ብዕር ምስጋና በቀላሉ የሚወጣ አይደለም፤ ያን ቀን ግን ሁለት አንቀጽ ወጣ። ወጣቱ በስብሰባው ላይ ተቀብሎ እስከ መጨረሻው አነበበው። ከዚያ አጥፎ መልሶ ሰጠኝ።

«መምህር፣ ጥሩ ደብዳቤ ነው። አድራሻው ግን ተሳስቷል። እኔ የመጣሁት ለቆርቆሮው ነው፤ ቤቱ ቆሞ ነው ያገኘሁት።» ቀጥሎም ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ትንንሾቹን፣ የአሥር ዓመቶቹን፣ የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ። የሚያውቋቸው ከሆነ ይጠይቁልኝ» አለኝ።

ጋሽ ቱምቢን ያገኘኋቸው አንድ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት በሚሠራበት ቦታ ነው። ሰላምታዬን ገና ሳልጨርስ የክር ጫፍ አስያዙኝ፤ ሌላውን ጫፍ ይዘው ወደ ማዕዘኑ ሄዱ። ግማሽ ሰዓት ያህል በኮቴ እንዳለሁ ክር ይዤ ቆምኩ። ብሎኬት እየደረደሩ ስለ ልጄ ጠየቁኝ።

«ስድስተኛው ላይ ናት» አልኩ። «አሥር ከአሥር፣ ሦስት ቀን።»

ሲሚንቶውን ለጠፍ አድርገው አስተካከሉ። «ክርኗስ?»

«ቀጥ ብሏል።»

«ማን አየው?»

«እኔ አየሁት።»

«በምን?»

«በዓይኔ።»

«እህ» አሉ፣ በታላቅ ርኅራኄ። የመደርደሪያዬን ታሪክ ያውቃሉና።

ክሩን እንደያዝኩ ነው የተናገርኩት፤ ሁለት እጄ መያዙ ሳይረዳኝ አልቀረም። «ጋሽ ቱምቢ፣ ያን ክስ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጅምሩ። የልጅዎን መመዝገቢያ ቅጽ የሞሉት እርስዎ አይደሉ? መስመር በሌለው ወረቀት ላይ እንደዚያ ቀጥ አድርጎ የሚጽፍ ሌላ ሰው አላየሁም።»

«ታዲያ እያወቁ ነው መልሱን ሊያጽፉኝ የመጡት?»

«ክሱ ቀጥ ያለ ነበራ» አሉ፣ የሚያስገርም ነገር እንደሌለበት። «መልሱም ቀጥ እንዲል ፈለግኩ። ወደ ማን ልሂድ?»

ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «እሺ» አሉ፤ ክሩ እንዲጠብቅ ወደ እኔ ትንሽ ሳብ አደረጉት። የወጣቱን መልእክት ስነግራቸው ግን ሥራቸውን አቆሙ። የልጆቹን ብዛት፣ ዕድሜያቸውን፣ ስንቶቹ ግራኝ እንደሆኑ ጠየቁ። እመጣለሁ አሉ፤ ወላጆች በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት አዳራሹ አካባቢ ድርሽ እንዳይሉ በሚል ግዴታ። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞና ዓርብ፣ ከሥራ በኋላ፣ ልብሳቸው ላይ ሲሚንቶ እንዳለ ይመጣሉ፤ አሥራ አራት ሕፃናት በጀርባቸው ተኝተው ኳስ ወደ ጣሪያው ይልካሉ። እኔም ግዴታውን ጥሼ በመስኮት አያለሁ። እሳቸውን ሳላይ የዋልኩበት ማክሰኞ ሙሉ ማክሰኞ አይመስለኝም።

ነገሩ ግን በዚህ አያልቅም። ክሱን የጻፍኩት በኮሚቴ ስም ተሸሽጌ፣ ወላጅ ሁሉ በተሰበሰበበት እንዲነበብ አድርጌ ነው። ይቅርታውን የጠየቅኩት ግን ሰው በሌለበት፣ ባላለቀ ግድግዳ ሥር፣ በአፌ ብቻ ነው። ሁለቱ አይተካከሉም። ለእኚህ ሰው ይገባ የነበረው፣ እነዚያን ልጆች ያስተማሩት እሳቸው መሆናቸውንና የከሰስኳቸውም እኔ ተሳስቼ መሆኑን በጽሑፍ፣ በሰው ፊት፣ በስሜ መናገር ነበር። ይኸው ጻፍኩት፤ የሚፈርምበትም ኮሚቴው ሳይሆን እኔ ነኝ።